ፕሪዝሙን ታያለህ፣ ጉድጓዱን ግን አታይም

ጥያቄው የመጣው ከአንድ ወጣት ሰርቬየር ነው። ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «አዲስ አበባ ውስጥ ባለ ሁለት ቤዝመንት ሕንፃ ሳይት ላይ እሠራለሁ። ቁፋሮው ወደ 7 ሜትር ወርዷል። ጎኑ ቀጥ ብሎ የቆመ አፈር ነው፣ ምንም ድጋፍ የለውም። ግባና የፉቲንግ (የመሠረት) ነጥብ አውጣ ይሉኛል። አጠገቡ ባለው ብሎክ ደግሞ መከለያ በሌለው ሶሌታ (የፎቅ ወለል) ጫፍ ላይ ቆሜ የኮለን (የምሰሶ) ሴንተር እሰጣለሁ። ሄልሜት የሚወጣው አማካሪ መሐንዲሱ ሲመጣ ብቻ ነው። ስናገር ፎርማኑ ‹አንተ ነጥብህን ስጥ፣ ሴፍቲ የቀን ሠራተኛ ጉዳይ ነው› አለኝ። ሕጉ እኔን ይመለከታል? ሴፍቲስ የእኔ ሥራ ነው? አልገባም ብል ያባርሩኛል?»

ወንድሜ፣ የሚያስጨንቅህ የመጨረሻው ጥያቄ እንደሆነ ይገባኛል። እመጣበታለሁ። ግን ከመሃለኛው ልጀምር፣ ፎርማኑ የተሳሳተው እዚያ ላይ ነው። አንተም ትንሽ ተሳስተሃል መሰለኝ። በጥያቄህ ውስጥ ስለራስህ ብቻ ነው የጻፍከው። ፕሪዝም፣ ማለትም መሣሪያህ የሚያነጣጥርበትን ዘንግ ላይ ያለ መስታወት፣ የሚይዝልህ ልጅ የታለ?

እኔም ወደ ሴፍቲ ሥራ ከመግባቴ በፊት ሰርቬየር ነበርኩ። አንድ የመንገድ ፕሮጀክት ላይ፣ የካልቨርት (ከመንገድ ሥር የሚያልፍ የውሃ ማሳለፊያ) ቁፋሮ አጠገብ ነጥብ እያወጣሁ ነው። ልጁ ፕሪዝሙን ይዞ ፊቱን ወደ እኔ አዙሮ ቆሟል። እኔ ዓይኔን ቴሌስኮፑ ላይ ለጥፌ በእጄ እመራዋለሁ። ወደ ግራ። ትንሽ። በቃ። አሁን ወደ ኋላ፣ 40 ሳንቲም። ትንሽ ጨምር። ፕሪዝሙ ከክሮስሄሩ ላይ ወደ ታች ጠፋ። መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ «ይሄ ልጅ ዘንጉን ምን ሆኖ ነው የሚያዘነብለው?» የሚል ነበር፣ ሳስታውሰው ዛሬም ያሳፍረኛል። ዓይኔን ሳነሳ ልጁ የለም። 3 ሜትር ጉድጓድ ውስጥ ነው። እግሩ ተሰበረ፣ እግዚአብሔር ይመስገን ነፍሱ ተረፈች። ጉድጓዱን ያልከለለው ኮንትራክተር ጥፋተኛ ነው፣ ክርክር የለውም። ግን «ወደ ኋላ» ያልኩት እኔ ነኝ።

በኋላ ቁጭ ብዬ አሰላሁት። የአብዛኛው ቶታል ስቴሽን (የምንለካበት መሣሪያ) ቴሌስኮፕ የሚያሳይህ 1.5 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው። 50 ሜትር ላይ ይህ 1.3 ሜትር ስፋት ይሆናል። ከአንድ በር ትንሽ ቢሰፋ ነው። ሰውየውን ታየዋለህ፣ ከኋላው ያለውን ጉድጓድም ከጎኑ ወደ ኋላ የሚመጣውን ሎደርም ግን አታይም። እሱ ደግሞ የሚያየው የአንተን እጅ ነው፣ ጀርባውን ለአደጋው ሰጥቶ። ግንበኛ ቢያንስ የሚገነባውን ግድግዳ ያያል። እኛ ጋ ሁለቱም ሰዎች እግራቸው የት እንዳለ አያዩም። በዚያ ላይ ከሁሉም ቀድመን ነው የምንገባው። መከለያ ከመመታቱ፣ ድጋፍ ከመቆሙ፣ መሰላል ከመምጣቱ በፊት «ሰርቬየር ጥሩ» ይባላል።

ስለዚህ ሴፍቲ የአንተም ሥራ ነው። የሰውን እግር በእጅህ የምታንቀሳቅስ ሰው ነህ። ከፎርማኑ ልትጠይቅ የምትችለውን ነገር መጀመሪያ ራስህ ለልጁ አድርግለት። ዓይንህን ቴሌስኮፑ ላይ ሳታደርግ አካባቢውን አብራችሁ ዙሩ። ማንንም ወደ ኋላ አታስኬድ፣ መቼም። ቁጥሩን ንገረው፦ «2 ሜትር ወደ ጉድጓዱ አቅጣጫ»። ዞሮ፣ መሬቱን እያየ ይሂድ፣ ይቁም፣ ከዚያ ወደ አንተ ይዙር። በአንድ ነጥብ አምስት ሰከንድ ቢጨምር ነው። ጫፉ ቅርብ ከሆነ ደግሞ ሦስተኛ ሰው ይቁም፣ ሥራው ማየት ብቻ ይሁን። «ሰው የለም» ይሉሃል። አለ። ሳይት ላይ አካፋ ተደግፎ የቆመ ሰው ጠፍቶ አያውቅም።

አሁን ወደ ቁፋሮው። ከጠየቅከው ሁሉ እኔን ያስደነገጠኝ ይሄ ነው። ከሶሌታ ጫፍ ሁሉም ሰው ይፈራል፣ አፈር ግን የሚፈራ የለም። አንድ ሜትር ኩብ አፈር እንደ እርጥበቱ ከ1.5 እስከ 2 ቶን ይመዝናል። ከአንድ ቪትዝ ይከብዳል ማለት ነው። እስከ ደረትህ ብቻ ቢቀብርህ ጭንቅላትህ ውጪ ሆኖም ትታፈናለህ፣ ደረትህ መስፋት አይችልማ። ለዚህ ነው «ጭንቅላቴ ከላይ ነበር» የሚል ሰው ብዙ የማታገኘው።

አገራችን ውስጥ ብዙ ሳይት ላይ የሚጠቀሰው የቁጥር መለኪያ ከውጭ የተወሰደ ነው። ኦሻ የሚባለው የአሜሪካ የሥራ ደህንነት መሥሪያ ቤት ከ1.5 ሜትር በላይ ለጠለቀ ቁፋሮ ድጋፍ ወይም ተዳፋት ይጠይቃል፣ ሙሉ በሙሉ ጽኑ አለት ካልሆነ በቀር። ከ1.2 ሜትር ጀምሮ መውጫ መሰላል ይላል፣ ሠራተኛው ከ7.5 ሜትር በላይ ሳይጓዝ የሚደርስበት። የተቆፈረው አፈር ከጫፉ ቢያንስ 60 ሳንቲም ይራቅ ይላል። ከ6 ሜትር በላይ ከሆነ ደግሞ መከላከያው በመሐንዲስ መነደፍ አለበት። የእናንተ 7 ሜትር ነው። ለልል አፈር የሚፈቅደው ተዳፋት ለ1 ሜትር ጥልቀት 1.5 ሜትር ወደ ጎን ነው። ለ7 ሜትር 10.5 ሜትር ይመጣል። አዲስ አበባ ውስጥ ጎረቤትህ 10 ሜትር አይሰጥህም። ስለዚህ ተዳፋት የሚታሰብ አይደለም፣ የቀረው ድጋፍ ብቻ ነው። ይህን ስሌት ለፕሮጀክት ማናጀሩ ወረቀት ላይ አሳየው። ስለ ፍርሃትህ ከምትነግረው ይሄ ይሻላል።

አፈሩ ጥቁር ከሆነ፣ መረሬው ማለቴ ነው፣ አትመነው። በበጋ ደርቆ ይሰነጠቅና እንደ ግንብ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ያ ነው የሚያታልለው። ዝናብ ሲመጣ ውሃው በስንጥቁ ይገባል፣ አፈሩ ያብጣል፣ ከዚያ ሳያስጠነቅቅ በቁመቱ ይላጣል። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት፣ ዝናብ ካለፈ ደግሞ በማንኛውም ሰዓት፣ ከላይ ያለውን መሬት ተመልከት። ከጫፉ ጋር ትይዩ የሄደ ስንጥቅ ካየህ፣ ቀጭንም ቢሆን፣ የሚወርደውን ቁራጭ መስመር አስምሮልሃል ማለት ነው። ከግድግዳው እግር ላይ እንደ ዱቄት የሚረግፍ አፈር፣ የሚያለቅስ ውሃ፣ ከጫፉ አጠገብ የቆመ ገልባጭ መኪና፣ እነዚህም ያው ናቸው።

እዚህ ላይ ሙያህ ይረዳሃል። ስንጥቁን ለካው። ግራና ቀኙ ሁለት ምስማር ምታ፣ ርቀቱን በሜትር ያዝ፣ ነገ ድገመው። ጫፉ ላይ አራት አምስት ነጥብ አድርገህ ከሩቅ ቆመህ በየጠዋቱ አንብባቸው። ግድግዳው እየተንቀሳቀሰ መሆኑን በሚሊሜትር መናገር የሚችል ሰው ሳይቱ ላይ አንተ ብቻ ነህ። «ፈራሁ» የሚለውን ሰርቬየር ማንም አይሰማም። «ከትናንት ወዲህ 8 ሚሊሜትር ሄዷል» የሚለውን ግን ፎርማኑም ቆም ብሎ ያዳምጣል።

ነጥብ ለማውጣትስ መግባት አለብህ? ብዙ ጊዜ የለብህም። ሞዲኔውን (መስመሩ የሚያዝበትን የጣውላ ፍሬም) ከላይ፣ ከጫፉ ርቀህ አቁም፣ ክሩን ዘርጋ፣ ወደ ታች በቱንቢ ይወርዳል። ለጥልቀት ቁጥጥር ያለ ፕሪዝም የሚለካው ሌዘር ከላይ ሆነህ ይበቃሃል። ለፉቲንጉ ጫፍ ግን መውረድ የግድ የሚሆንበት ጊዜ አለ፣ አልዋሽህም። ያኔ ድጋፉ በቆመበት በኩል፣ መሰላሉ ባለበት፣ ከላይ የሚያይ ሰው ቆሞ፣ እስካቫተሩ ሞተሩ ጠፍቶ። ስሌቱን ሁሉ ላይ ጨርሰህ ውረድ። ታች ቆሞ ካልኩሌተር መነካካት የለም።

የሌዘሩን ነገር ካነሳሁ አይቀር፣ ያለ ፕሪዝም የሚለካው ጨረር በብዙ መሣሪያዎች ላይ ክፍል 3አር የሚባለው ነው፣ ዓይን ሊጎዳ ይችላል። ሰው ፊት ላይ አታነጣጥር፣ ቅርብ መስታወት ላይም እንዲሁ። ፀሐይን ደግሞ ያለ ማጣሪያ በቴሌስኮፕ አይተህ ሁለተኛ ዕድል የለህም።

ወደ ሶሌታው ጫፍ እንሂድ። የኮለን ሴንተር ለመስጠት ጫፉ ላይ መቆም ልማድ ነው እንጂ ግዴታ አይደለም። ከአክሲሱ (ከኮለኖቹ መሃል መስመር) 1 ሜትር ወደ ውስጥ ትይዩ መስመር አውጣ፣ በቾክ አስምር፣ ከዚያ አናጢው በሜትር ይወስደዋል። ትራይፖድህ ከጫፉ ቢያንስ 2 ሜትር ይራቅ። መሣሪያውን የምትዞረው ሰማዩን እያየህ ሳይሆን መሬቱን እያየህ ነው። በፕላይውድ የተሸፈነ ቀዳዳ ላይ አትርገጥ። የተቸነከረ ይሁን የተጣለ አታውቅም፣ ሊፍት ጉድጓድ ላይ የተጣለ ፕላይውድ ከክፍት ጉድጓድ ይብሳል።

መከለያውን እንዲሠሩልህ ጠይቅ። 1 ሜትር ከፍታ ላይ አንድ አግዳሚ፣ መሃሉ ላይ ሌላ፣ ታች ደግሞ ቁሳቁስ እንዳይንከባለል አንድ ጣውላ። ባህር ዛፉም ምስማሩም ሳይቱ ላይ አለ። ሁለት አናጢ በግማሽ ቀን የአንድ ፎቅ ጫፍ ይጨርሳል። እኔ ይህን ስጠይቅ ገንዘብ የለም ብሎ የመለሰልኝ የለም። የሚመልሱልኝ «ነገ» ብለው ነው።

«ቀበቶ እንሰጥሃለን» ቢሉህ ሁለት ነገር ተመልከት። ወገብ ላይ ብቻ የሚታሰር ከሆነ አትቀበል። ኦሻ የወገብ ቀበቶን ለመውደቅ መከላከያነት የከለከለው በ1998 እንደ ፈረንጆቹ ነው፣ ሲይዝህ ሆድህንና አከርካሪህን ስለሚጎዳ። ሙሉ አካል የሚይዘው ሃርነስም ቢሆን ቦታ ይፈልጋል። 1.8 ሜትር ገመድ አለ፣ ድንጋጤ የሚቀንሰው ጨርቅ ሲተረተር 1 ሜትር ይጨምራል፣ የራስህ ቁመት አለ፣ ትርፍ አለ። ሲደመር ወደ 5.5 ሜትር ይጠጋል። አንደኛ ፎቅ ላይ ሆነህ እግርህ ሥር ባለ ፌሮ ብታስረው ገመዱ ሳያቆምህ መሬት ትደርሳለህ። ከራስህ በላይ ወይም ቢያንስ ከወገብህ በላይ፣ ኮለን ዙሪያ ይታሰር።

ሌላም አለ፣ ያልጠየቅከው። አርማታ ሲሞላ «ፎርምወርኩ (የአርማታ ሻጋታው) ዝቅ እያለ ይሁን እይልን» ብለው ከሥር ያስገቡሃል። አትግባ። ባህር ዛፍ ላይ የቆመ እርጥብ አርማታ ከሥሩ ሰው የሚቆምበት ነገር አይደለም። ሙሌቱ ሳይጀመር ከሥር ተለጣፊ ታርጌት ለጥፍና ከውጭ ሆነህ አንብብ። ማንሆልም ያው ነው፣ ለኢንቨርት ሌቭል (የቱቦው የታች ወለል ከፍታ) ብለህ አትውረድ፣ ስታፉን (የከፍታ መለኪያውን ዘንግ) ከላይ አውርድ። የበሰበሰ እንቁላል የሚሸተው ጋዝ ሲበዛ አፍንጫህን ያደነዝዘዋል፣ ሽታው ጠፋ ማለት ጋዙ ጠፋ ማለት አይደለም። አንዱ ገብቶ ሲወድቅ ሊያወጣው የገባው ነው ብዙ ጊዜ ሁለተኛው ሬሳ። የኤሌክትሪክ መስመር ሥር ደግሞ 5 ሜትር የአሉሚኒየም ስታፍ አትዘርጋ። ብዙ ሰው የማያውቀው ግን የጂፒኤሱን ጥቁር ዘንግ ነው። ፕላስቲክ ይመስላል፣ ካርቦን ፋይበር ነው፣ ካርቦን ደግሞ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። 15 ኪሎ ቮልት ካለው መስመር ቢያንስ 3 ሜትር ራቅ፣ ዘንጉን ጨምረህ ቁጠር።

አሁን ሕጉ። አዎ፣ አንተን ይመለከታል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሰርቬየርንና የቀን ሠራተኛን አይለይም። አንቀጽ 92 ላይ የአሠሪው ግዴታ ተዘርዝሯል። ሠራተኛው ስለ ሥራው አደጋ እንዲያውቅ ማድረግ፣ የደህንነት ሠራተኛ መመደብና ኮሚቴ ማቋቋም፣ መከላከያ ዕቃ ማቅረብና አጠቃቀሙን ማስተማር፣ አደጋ ሲደርስ መመዝገብና ለሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ ማሳወቅ። «ማቅረብ» ይላል። አማካሪው ሲመጣ ማውጣት አይልም። ሄልሜቱን ከደሞዝህ ቆርጠው የሰጡህ ከሆነም ይሄን አንቀጽ አሳያቸው።

ጉዳት ከደረሰብህ አሠሪው ጥፋት ባይኖረውም ተጠያቂ ነው። ሕክምናውን ይሸፍናል። ለጊዜው መሥራት ካልቻልክ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት ሙሉ ደሞዝ፣ ቀጣዮቹን ሦስት ወራት ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ ከዚያ በኋላ ያሉትን ስድስት ወራት ከ50 በመቶ ያላነሰ ይከፍልሃል። ነገር ግን አንድ ቀዳዳ አለ፣ ልብ በልልኝ። በግልጽ የተሰጠህን የደህንነት መመሪያ ጥሰህ ወይም ጠጥተህ ሥራ ገብተህ ከተጎዳህ ጉዳቱን ሆን ብለህ እንዳደረስክ ሊቆጠርብህ ይችላል። ስለዚህ ሃርነስ ፈርመህ ተቀብለህ መጋዘን ካስቀመጥከው ነገሩ አንተ ላይ ይዞራል። የሚያስፈርሙህን ወረቀት አንብብ። ያልተሰጠህን ዕቃ «ተቀብያለሁ» ብለህ አትፈርም።

መሣሪያህን ይዘህ በነጥብ ወይም በቀን ተዋውለህ፣ በራስህ ሙያ ኃላፊነት የምትሠራ ከሆነ ግን ሌላ ታሪክ ነው። አዋጁ እንዲህ ያለውን ውል አይሸፍንም። ብዙ ሰርቬየር ይህን የሚያውቀው ከወደቀ በኋላ ነው። እንደዚያ ከሆንክ መከለያ፣ ድጋፍ፣ ሕክምናና ኢንሹራንስ በማን እንደሆነ ውሉ ላይ አስገባ፣ ሁለት መስመር ይበቃል።

አልገባም ብትልስ? አዋጁ ሠራተኛው ቅሬታ ስላቀረበ ማባረርን ሕጋዊ ምክንያት አያደርገውም፣ አንቀጽ 26 ነው። አንቀጽ 32 ደግሞ ደህንነትህን የሚያሰጋ አደጋ መኖሩን አሠሪው እያወቀ፣ ማስጠንቀቂያም ተሰጥቶት፣ በጊዜው ካላስወገደ ያለ ማስጠንቀቂያ ሥራህን መልቀቅ ትችላለህ ይላል። ኢትዮጵያ በ1983 ዓ.ም. ያጸደቀችው የዓለም ሥራ ድርጅት 155ኛ ኮንቬንሽንም ለሕይወቱ የሚያሰጋ አደጋ መኖሩን በበቂ ምክንያት አምኖ ከቦታው የወጣ ሠራተኛ እንዳይጎዳ ይጠብቀዋል። ይህ ሁሉ አለ። ግን ሰኞ ጠዋት ፎርማኑ ፊት ቆመህ አንቀጽ ብትጠቅስ ምን እንደሚፈጠር አንተም እኔም እናውቃለን።

ስለዚህ እኔ የምመክርህ እንዲህ ነው። «አልገባም» አትበል። «ከዚህ በኩል እሰጥሃለሁ» በል። ሠራተኛ ፊት አትከራከረው፣ ለብቻው ሻይ ላይ ያዘው። «ጋሼ፣ ይሄ ጎን ቢናድ የሰጠሁህ ነጥብ በሙሉ ይጠፋል፣ ቁፋሮውም ይደገማል» በለው። ለሱ ያ ቋንቋ ይገባዋል። ብዙዎቹ ክፉ ሆነው አይደለም፣ ከላይ የሚደወልላቸው ስለ አርማታ ቀን እንጂ ስለ ሰው አይደለም። አልሰማም ካለ በጽሑፍ ለሳይት ኢንጂነሩ፣ ቀጥሎ ለአማካሪው። ውላችሁ በፊዲክ (ዓለም አቀፍ የግንባታ ውል ቅጽ) ከሆነ ኮንትራክተሩ አደጋ የሚከላከል፣ ትእዛዝ የመስጠት ሥልጣን ያለው ሰው ሳይት ላይ የመመደብ ግዴታ አለበት፣ ማን እንደሆነ በስም ጠይቅ። ከዚያ ወዲያ ያለው በር የከተማው ሥራና ክህሎት ቢሮ፣ የሥራ ሁኔታ ቁጥጥር ክፍል ነው።

ጽሑፉ ረጅም አይሁን። ስድብም ልመናም አይኑርበት። ዴይሊ ሪፖርትህ ላይ፣ ከነጥቦቹ ዝርዝር ሥር፣ እንዲህ ብለህ ጨምር፦ «በምሥራቅ በኩል ያለው የቁፋሮ ጎን 7.0 ሜትር፣ ድጋፍ የለውም። ከጫፉ 90 ሳንቲም ገባ ብሎ 6 ሜትር የሚረዝም ስንጥቅ ታይቷል፣ ስፋቱ ዛሬ ጠዋት 11 ሚሊሜትር ነው። ድጋፍ እስኪቆም የአክሲስ 4 እና 5 ነጥቦች ከላይ በሞዲኔ ተሰጥተዋል።» ቁጥሮቹን በራስህ ልኬት ተካ። ፎቶ አያይዝ፣ ስታፉን ስንጥቁ አጠገብ አቁመህ። አንድ ቅጂ ተቀባዩን አስፈርመህ ለራስህ ያዝ። ስንጥቁን ነገ ጠዋት ቁርስ ሳትበላ ድጋሚ ለካው።